ኔሬሬን ስታነሡ ሊቶዋንም አንሡልን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ታሪክ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ጋዜጣችሁን ከፊት ገጽ እስከ ኋላ ገጽ ነው የማነበው። ሰሞኑን ስለ ታንዛኒያው የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ስለ ጁሊየስ ኔሬሬ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩ፤ በሳምንቱ የወጣውን የአንባቢ መልስም እንደዚሁ። የመጀመሪያው ጸሐፊ ኔሬሬን ጻድቅ አድርጎ አቀረባቸው። መልስ የሰጠው ደግሞ አገራቸውን ያደኸዩ ሰው ናቸው ብሎ ዘጋው። ሁለቱም የያዙት እውነት አለ። ግን ሁለቱም ስለ ሊቶዋ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ሊቶዋን ዘልሎ የኔሬሬን ታሪክ ማንበብ ለእኔ መሃሉ የተቀደደ ደብተር እንደ ማንበብ ነው።

ሊቶዋ መንደር ናት። እደርስባታለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ኔሬሬ የተወለዱት በ1922 ነው፤ ከቪክቶሪያ ሐይቅ በስተምሥራቅ ቡቲያማ በምትባል መንደር። አባታቸው ዛናኪ የሚባል ትንሽ ብሔረሰብ አለቃ ነበሩ፤ ሚስቶቻቸውም ልጆቻቸውም ብዙ። ሕፃኑ ሲወለድ ዝናብ ጥሎ ነበርና ካምባራጌ ተባለ፤ የዝናብ መንፈስ ስም ነው። ጁሊየስ የሚለው ስም የመጣው ካደጉ በኋላ ካቶሊክ ሆነው ሲጠመቁ ነው። የፊት ጥርሳቸው በዛናኪ ወግ ሹል ተደርጎ የተሞረደ ነበር። የቆየ ፎቶግራፋቸውን አተኩራችሁ ካያችሁ ሲስቁ ይታያል። ኤደንብራ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ሲማሩም፣ በኋላ ኒው ዮርክ ሄደው በተባበሩት መንግሥታት ፊት ለአገራቸው ሲሟገቱም፣ ያው የቡቲያማ ጥርስ ነው። ይህን ነገር ሳየው ደስ ይለኛል፤ ለምን እንደሆነ ማስረዳት አያሻኝም መሰለኝ።

ትምህርት ቤት የገቡት 12 ዓመት ሲሆናቸው ነው። ከሙሶማ ወደ ታቦራ፣ ከታቦራ ኡጋንዳ ወዳለው ማከሬሬ ኮሌጅ፣ ከዚያ እንግሊዝ አገር ተሻግረው በ1952 ዲግሪያቸውን ይዘው ተመለሱ። ከዳሬሰላም ወጣ ብላ ባለችው ፑጉ፣ በአንድ የካቶሊክ ትምህርት ቤት ታሪክ ያስተምሩ ጀመር። አዎ፣ ታሪክ። እኔም ለሰውየው የማዳላው በዚህ ይሆናል። በስዋሂሊ መምህርን «ምዋሊሙ» ይሉታል። በሐምሌ 1954 ታኑ የተባለውን ፓርቲ መሠረቱ። በዓመቱ ወይ ፖለቲካ ወይ ማስተማር፣ አንዱን ምረጥ ተባሉና ጠመኔውን አስቀመጡ። ስሙ ግን ፕሬዚዳንት ሆነውም፣ ሞተውም አልተለያቸውም። እዚያ አገር ምዋሊሙ ከተባለ ማን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም።

ታንጋኒካ፣ ያኔ የአገሪቱ ስም ይህ ነበር፣ ነጻ የወጣችው ያለ ጦርነት ነው፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1961። ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ከዚያ ያደረጉትን ዛሬም ለሰው ስነግር አያምነኝም። ሁለት ወር ሳይሞላቸው ሥልጣናቸውን ለራሺዲ ካዋዋ አስረክበው በየገጠሩ እየዞሩ ፓርቲውን ሊያደራጁ ሄዱ። ወንበር ላይ ከተቀመጥኩ ከሕዝብ እርቃለሁ ብለው ሰጉ። በዓመቱ አገሪቱ ሪፐብሊክ ስትሆን ፕሬዚዳንት ሆነው ተመለሱ።

የመጀመሪያው ጸሐፊያችሁ የጻፈው እስከዚህ ድረስ ትክክል ነው፤ ከዚያ በኋላም ያልተናገረው ጥሩ ነገር አለ። በጥር 1964 የአገሪቱ ጦር አመፀ። ኔሬሬ ለጥቂት ቀን ተደበቁ፤ መጨረሻ ላይ የእንግሊዝን ወታደር ለመጥራት ተገደዱ። ነጻ ከወጡ ገና ሁለት ዓመታቸው ነው እኮ! ሌላ መሪ ቢሆን ነገሩን ሸፋፍኖ ያልፈው ነበር። እሳቸው ግን ውርደት እንደሆነ በአደባባይ ተናገሩ፤ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ሚኒስትሮችን ዳሬሰላም ሰብስበው የእንግሊዙን ጦር የናይጄሪያ ወታደሮች እንዲተኩት አደረጉ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ከዛንዚባር ጋር ተዋሐዱና ታንዛኒያ የምንላት አገር ተወለደች።

የደመወዙንም ነገር ልንገራችሁ። በጥቅምት 1966 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የግዳጅ ብሔራዊ አገልግሎት አንቀበልም ብለው ቤተ መንግሥት ድረስ ሰልፍ ወጡ። በአገልግሎቱ ጊዜ የሚከፈለን አነሰ ነው ዋናው ቅሬታቸው። ኔሬሬ ወጥተው አዳመጧቸው፤ አዳምጠው ሲጨርሱ ተቆጡ። በዚህ አገር የተማረው ሁሉ፣ እኔን ጨምሮ፣ ገበሬው ከሚያገኘው ጋር ሲነጻጸር የሚከፈለው ከልክ በላይ ነው አሉ። እዚያው በዚያው የራሳቸውን ደመወዝ በ20 በመቶ ቀነሱ። ተማሪዎቹንም፣ ወደ 400 የሚጠጉ ናቸው፣ ከዩኒቨርሲቲ አባረው ወደየመጡበት መንደር መለሷቸው።

ይህን ታሪክ ክፍል ውስጥ ስናገር ሁልጊዜ ደመወዙ ላይ ነበር የማቆመው። ተማሪዎቹ ያጨበጭባሉ፣ እኔም ደስ ይለኛል፣ ደወል ይደወላል። አንድ ቀን አንዲት ልጅ እጇን አወጣችና «መምህር፣ የተባረሩትስ ልጆች? ስህተት ቢሆኑም ተናገሩ እንጂ ምን አደረጉ?» አለችኝ። ሰዓት የለንም፣ ተቀመጪ አልኳት። ሰዓት ነበረኝ። መልሱ ነው ያልነበረኝ። ያቺ ጥያቄ ዓመታት አብራኝ ኖራለች፤ ዛሬ ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም በእሷ ምክንያት ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

በየካቲት 1967 የኔሬሬና የፓርቲያቸው የሶሻሊዝም መመሪያ፣ የአሩሻ መግለጫ የሚባለው፣ ወጣ። ባንኮች የመንግሥት ሆኑ። ለባለሥልጣኖች ጥብቅ ደንብ ወጣባቸው፤ ቤት ማከራየት አይቻልም፣ አክሲዮን መያዝ አይቻልም፣ ሁለት ደመወዝ መብላት አይቻልም። ሲሰሙት ደስ ይላል፤ ደግሞም ራሳቸው ኔሬሬ ኖረውበታል። ከ20 ዓመት በላይ ሥልጣን ላይ ቆይተው ሀብት ሳያካብቱ ነው የወጡት፤ ይህን ጠላቶቻቸውም አይክዱም። የመግለጫው ልብ ግን ኡጃማ ነበር። ቤተሰብነት እንደ ማለት ነው። ገበሬው ተበታትኖ ከሚኖር በመንደር ተሰባስቦ መሬቱን በጋራ ያርሳል፣ ያገኘውን በጋራ ይካፈላል፣ ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክና የቧንቧ ውሃ ይደርሰዋል። በጽሑፎቻቸው ደጋግመው የሚሉት አንድ ነገር ነበር፤ ማንም ሰው በግድ ወደ ኡጃማ መንደር አይገባም።

እንግዲህ ሊቶዋ።

በአገሪቱ ደቡብ፣ ሩቩማ በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ ሶንጌያ ከምትባለው ከተማ ወዲያ፣ ገና የአሩሻ መግለጫ ሳይታሰብ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ጥቂት ወጣቶች ጫካ መንጥረው አብረው መኖር ጀመሩ። ማንም አላዘዛቸውም። አብረው ያርሳሉ። ምን እንደሚዘሩ፣ ማን ምን እንደሚሠራ፣ ገንዘቡ የት እንደሚውል በስብሰባ ይወስናሉ። መሪያቸውን ራሳቸው ይመርጣሉ፤ ካልሠራ ያወርዱታል። ወፍጮ አቆሙ። የጣውላ መሰንጠቂያ ነበራቸው። ትምህርት ቤታቸው ውስጥ ልጆቹ ከደብተሩ ጎን ለጎን እርሻውን፣ ሒሳቡን፣ የመንደሩን ሥራ ይማሩ ነበር። ሌሎች መንደሮችም አይተው ተከተሏቸውና የሩቩማ ልማት ማኅበር የሚባል ተቋቋመ፤ ከአሥር በላይ መንደሮች ነበሩት። ኔሬሬ ሄደው አዩዋቸው፤ ወደዷቸው። በወረቀት ላይ ያለሙት ነገር አፈር ነክቶ በቅሎ ያገኙት እዚያ ነበር።

ችግሩ የመጣው ከአካባቢው ሹሞች ነው። እነዚህ ሰዎች አይታዘዙም። የፓርቲ ሰው መጥቶ ይህን ዝሩ፣ ያን ሽጡ ሲላቸው በስብሰባ ተወያይተን እንነግርሃለን ይላሉ። ለሹም ደግሞ ከዚህ የባሰ ንቀት የለም። በመስከረም 1969 የታኑ ማዕከላዊ ኮሚቴ ማኅበሩ እንዲፈርስ ወሰነ። ንብረቱ ተወረሰ፣ መምህራኑ ወደ ሌላ ቦታ ተበተኑ። ኔሬሬ የፓርቲው ሊቀ መንበር ነበሩ። ውሳኔውን ተቀበሉት።

ለእኔ የሰውየው ታሪክ የሚሰበረው እዚህ ላይ ነው። ብዙዎች በ1970ዎቹ ነው ይላሉ። እኔ በ1969 ነው እላለሁ። በፈቃድ የተሠራውን፣ ራሳቸው የወደዱትን፣ የሚሠራውን አንድ ምሳሌ የገዛ ፓርቲያቸው ሲያፈርሰው ዝም ካሉ ከዚያ በኋላ የቀረው ትእዛዝ ብቻ ነው።

ትእዛዙም መጣ። መጀመሪያ በየክፍለ ሀገሩ፣ ኋላም በኅዳር 1973 ለመላ አገሪቱ፤ እስከ 1976 መጨረሻ ገበሬ ሁሉ በመንደር ይስፈር ተባለ። ካሚዮን መጣ። ወታደርና ሚሊሺያ መጣ። አልሄድም ያለው ጎጆው ፈረሰ፣ አንዳንዱ ጋ ተቃጠለ። የሰፈሩበት ቦታ ብዙ ጊዜ ለመኪና መንገድ እንዲመች ነው የተመረጠው፤ ማሳው ርቆ ቀረ፤ አፈሩንና ውሃውን የሚያውቅ ሽማግሌ አልተጠየቀም። 5 ሚሊዮን የሚሆን ሰው ከቦታው እንደተነሣ ይገመታል። ድርቁም በዚያው ጊዜ ነበርና አገሪቱ እህል ከውጭ ለመሸመት ተገደደች። መንደር ምሥረታ የሚለውን ቃል የኛ አገር ገበሬ እንዴት እንደሚሰማው ለእናንተ አልነግርም።

ከዚህ ሁሉ አስቀድሞ ምልክት ነበር። በ1971 የገና ዕለት ኢሪንጋ ውስጥ፣ የክፍለ ሀገሩ አስተዳዳሪ ዶክተር ዊልበርት ክለሩ አንድ በቆሎ አምራች ገበሬ ማሳው ላይ እያረሰ ሳለ መጣበት። ክለሩ ኡጃማን በኃይል የሚያስፈጽም ሹም ነበር። ቃላት ተለዋወጡ፤ ነገሩ ከረረ፤ ገበሬው ጠመንጃውን አምጥቶ ተኮሰ። ከዚያ ሬሳውን በራሱ በሹሙ መኪና ጭኖ ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ እጁን ሰጠ። ተፈረደበት፣ ተሰቀለ። መግደሉን የሚደግፍ የለም፤ እኔም አልደግፍም። ግን አንድ ቤት ንብረት ያለው ገበሬ እዚህ ድረስ ሲደርስ ምን እየሆነ ነው ብሎ የሚጠይቅ ጋዜጣ፣ የሚጠይቅ ተቃዋሚ፣ የሚጠይቅ የሠራተኛ ማኅበር ያስፈልግ ነበር። ማን ነበረ? ያለ ፍርድ ሰው የሚታሰርበት ሕግ ከ1962 ጀምሮ አለ። ነጻው የሠራተኛ ማኅበር በ1964 ተበትኖ በመንግሥት ሥር ገብቷል። ከ1965 ጀምሮ ፓርቲው አንድ ብቻ ነው። እርግጥ በዚያ አንድ ፓርቲ ውስጥ ውድድር ነበረ፤ በ1965ቱ ምርጫ ሚኒስትሮች ሳይቀሩ ወንበራቸውን አጥተዋል፤ ይህን መካድ አይገባም። ግን ተወዳዳሪው ሁሉ የሚስማማበት ነገር ላይ ሕዝቡ እምቢ የሚልበት መንገድ አልነበረውም።

መልስ የጻፈው አንባቢያችሁ ግን አንድ ቦታ ላይ በጣም በደላቸው። ድህነቱን ሁሉ በእሳቸው ላይ ጣለው። የነዳጅ ዋጋ በ1973ም በ1979ም ሰማይ ወጥቷል። የቃጫና የቡና ገበያ ወድቋል። የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ በ1977 ፈርሷል። በ1978 የኡጋንዳው ኢዲ አሚን የታንዛኒያን ግዛት ካጌራን ወሮ ያዘ፤ ታንዛኒያ ከኡጋንዳ ስደተኛ ተዋጊዎች ጋር ሆና ተዋግታ በሚያዝያ 1979 ካምፓላ ገባች፤ የጦርነቱን ወጪ የተካላት የለም። የአፍሪካ መሪዎች በ1975 ጉባኤያቸውን ካምፓላ ላይ አሚን እየመራው ሲያደርጉ እዚያ አልገኝም ያሉት እኮ ኔሬሬ ናቸው። ሮዴዥያ፣ የዛሬዋ ዚምባብዌ፣ ውስጥ ነጮቹ የራሳቸውን መንግሥት ሲያውጁ፣ እንግሊዝ ዝም አለች ብለው በ1965 ከእሷ ጋር ግንኙነታቸውን ያቋረጡና በዚህም 7.5 ሚሊዮን ፓውንድ ብድር ያጡት እሳቸው ናቸው፤ ድሃ አገር ይዘው። የሞዛምቢክ ነጻ አውጪ ግንባር ፍሬሊሞ የተመሠረተው ዳሬሰላም ነው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የነጻነት ኮሚቴ መቀመጫው ዳሬሰላም ነበር። ከሞዛምቢክ፣ ከደቡብ አፍሪካ፣ ከዚምባብዌ፣ ከናሚቢያ ተሰዶ የመጣ ታጋይ ሁሉ ጣሪያ ያገኘው እዚያ ነው። ይህን ሁሉ የከፈለው ያው ሳሙናና ስኳር ያጣው የታንዛኒያ ሕዝብ ነው። ማንበብና መጻፍ የሚችለው ሰው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ምን ያህል እንደጨመረ፣ ከ120 በላይ ብሔረሰብ በስዋሂሊ ተግባብቶ እንዴት እንደሚኖር፣ ይህም የዚያው መምህር ሥራ ነው። የራሳቸው ቋንቋ ዛናኪ ሆኖ ሳለ የሼክስፒርን ሁለት ቴአትሮች ወደ ስዋሂሊ መልሰዋል፤ ፕሬዚዳንት ሆነው፣ በዚያ ሁሉ ሥራ መሃል።

አሁን ወደ መጨረሻው ልምጣ፤ የመጀመሪያው ጸሐፊያችሁ በአንድ መስመር ያለፈው ይህን ነው። በኅዳር 1985 ኔሬሬ በፈቃዳቸው ወርደው ሥልጣኑን ለአሊ ሐሰን ምዊኒ አስረከቡ። መውረዳቸው ትልቅ ነገር ነው። ለእኔ ግን ከመውረዳቸው ዓመት ቀደም ብሎ የተናገሩት ይበልጥብኛል። በአንድ ቃለ ምልልስ፣ እንደገና ብጀምር የማላደርጋቸው ነገሮች አሉ አሉ፤ የአካባቢ አስተዳደሮችን ማፍረሳችንና የገበሬውን የኅብረት ሥራ ማኅበራት መበተናችን። ትዕግሥት አልነበረንም፣ አላወቅንም ብለው ተናገሩ። ሥልጣን ላይ ተቀምጠው ነው ይህን ያሉት። የአካባቢ አስተዳደር የፈረሰው በ1972፣ ማኅበራቱ የተበተኑት በ1976 ነው። ልብ በሉ፤ ሁለቱም ሕዝቡ ራሱ ተሰብስቦ እምቢ የሚልባቸው ቦታዎች ነበሩ። ሊቶዋም እንደዚያው ነበረች። ሊቶዋን በስሟ ጠርተው ቢሆን ኖሮ እንዴት ደስ ባለኝ።

ከወረዱ በኋላም አልተኙም። በ1990 ከፓርቲ ሊቀ መንበርነት ሲለቁ ስለ መድብለ ፓርቲ ሰው በነጻነት ይነጋገር ማለት ጀመሩ። የመንግሥት ኮሚሽን አገሩን ዞሮ ሲጠይቅ 80 በመቶ የሚሆነው ሕዝብ አንድ ፓርቲ ይበቃናል አለ። ኮሚሽኑ ግን ለቀረው 20 በመቶ ሲባል በሩ ይከፈት ብሎ መከረ፤ ኔሬሬም ደገፉት። በ1992 ሕጉ ተቀየረ። በጉልበታቸው ዘመን ያቋቋሙትን አንድ ፓርቲ በእርጅናቸው እንዲቀር የመከሩ መሪ ስንት አሉ? እኔ ስቆጥር ብዙ ጣት አላጠፍኩም።

ጥቅምት 14 ቀን 1999 ለንደን ሆስፒታል ውስጥ በደም ካንሰር አረፉ። ከመሞታቸው በፊት የብሩንዲን ሰዎች አሩሻ ላይ አስቀምጠው ሲያስታርቁ ነበር። አስከሬናቸው ቡቲያማ ተመልሶ በአባታቸው አገር ተቀበረ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም የብፅዕና ጉዳያቸውን መመርመር ጀምራለች። እኛ ዘንድም አዲስ አበባ ውስጥ የአፍሪካ ኅብረት የሰላምና ጸጥታ ሕንጻ በስማቸው ይጠራል።

አዘጋጁ፣ ልለምንዎ የፈለግሁት አንድ ነገር ነው። ስለ ኔሬሬ ሌላ ጽሑፍ ካወጣችሁ ለሩቩማዎቹ መንደሮች አንድ ገጽ ስጡልን። እንዴት እንደተነሡ፣ ስብሰባቸውን እንዴት ያካሂዱ እንደነበር፣ ወፍጮውን በምን ገንዘብ እንደገዙ፣ ፖሊስ ሲመጣ ልጆቹ የት እንደሄዱ የሚያውቅ ሰው ፈልጋችሁ አስጽፉ። ታንዛኒያ ውስጥ ዛሬም ያንን ትምህርት ቤት የሚያስታውስ ሽማግሌ አይጠፋም። ያቺ እጇን ያወጣች ተማሪዬም አሁን ትልቅ ሰው ሆናለች፤ ጋዜጣችሁን ታነብ ከሆነ ለጥያቄሽ መልስ ከ1966ቱ ተማሪዎች ጀምረሽ ሊቶዋ ድረስ ሂጂ በሏት። ያን ቀን ሰዓት ነበረኝ፤ ይቅር ትበለኝ።

አክባሪያችሁ፣
ጡረታ የወጣ የታሪክ መምህር